በኬንያ ተራራ ብሔራዊ ፓርክ የተሌኪን ሸለቆ በእግር ስለመጓዝ፦ አራት ቀን ይበቃል?

ዝግታ — ኅዳር 9

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በመጪው ጥር መጨረሻ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ኬንያ ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ወስነናል። እኔን ወደዚያ የሚስበኝ በተራራው ምዕራባዊ ገጽ ከከፍተኛዎቹ ጫፎች ሥር የሚነሣው፣ ግግር በረዶ ጠርቦ የሠራው የተሌኪ ሸለቆ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ሌናና ጫፍ ላይ ሳይቆም መመለስ አይፈልግም። ሌናና 4,985 ሜትር ስለሆነና ለመውጣት ገመድ ስለማይጠይቅ የሁለታችንም ምኞት በአንድ ጉዞ የሚሟላ መስሎናል።

ያነጋገርነው አስተባባሪ ያቀረበልን ዕቅድ የአራት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ከናሮ ሞሩ በር ተነሥተን በ3,050 ሜትር ላይ በሚገኘው የሜትሮሎጂ ጣቢያ እናድራለን፤ በሁለተኛው ቀን ረግረጉን ተሻግረን ወደ ሸለቆው በመግባት በ4,200 ሜትር ላይ ባለው የማኪንደር ካምፕ እናርፋለን፤ በዚያው ሌሊት ተነሥተን ሌናናን ከወጣን በኋላ እስከ ጣቢያው እንወርዳለን፤ በአራተኛው ቀን ወደ በሩ እንመለሳለን። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ሰዓቶቹን ስቆጥር ግን ሸለቆውን የማየው አንዴ ደክሜ ስገባ፣ አንዴ በጨለማ ሳልፍበት፣ አንዴም ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ስወርድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

የሄዳችሁበት ካላችሁ፣ አራት ቀን ይበቃል ወይ? ቀን ከተጨመረስ የት ላይ ቢጨመር ይሻላል? ደግሞም ሸለቆው ውስጥ ሳለሁ ምን መመልከት እንዳለብኝ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። ሁለታችንም ጤነኞች ነን፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኝ ከተማ ስለምንኖር ከፍታው ያን ያህል ያስቸግረናል ብዬ አልሰጋም።

የሸንተረር ሰው — ኅዳር 9

እኅታችን፣ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ መጀመሪያ በአራት ቀን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በስድስት ቀን። ከመጀመሪያው ጉዞ ዛሬም በዓይኔ ላይ ያለው የመሪዬ የጫማ ተረከዝ ነው፤ የሸለቆውን መልክ ያወቅሁት በሁለተኛው ነው። አራት ቀን ለመድረስና ለመመለስ ይበቃል፤ እርስዎ ለሚፈልጉት ነገር ግን አይበቃም።

ከበሩ፣ ማለትም ከ2,400 ሜትር ገደማ፣ እስከ ሜትሮሎጂ ጣቢያው ያለው መንገድ ደንና ቀርከሃ እያቋረጠ የሚሄድ የመኪና መንገድ ስለሆነ እግር ለማፍታታት የተመቸ ነው። ጎሽና ዝሆን ስለሚመላለሱበት ብቻ ከመሪው ርቆ መቅደም አይገባም። ፈተናው ከጣቢያው በላይ፣ ዛፉ ሲያልቅ ይጀምራል። ረግረግ ሲባል በሜዳ ላይ የተኛ ውኃ ብቻ ለሚታየው ሰው የናሮ ሞሩ ረግረግ እንግዳ ነገር ነው፤ ዳገት ላይ ተንጠልጥሏል። ከጓሳ ጉብታ ወደ ጓሳ ጉብታ እየተራመዱ ሲወጡ በመካከሉ ያለው ጥቁር ጭቃ የሳተን እግር እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ዝናብ በከረመበት ወቅት ከዚያም በላይ ይውጣል። ገምባሌ ከሌላችሁ ከወዲሁ ተዋሱ፤ ምርኩዝም ያዙ። ከረግረጉ በኋላ መንገዱ ሸንተረሩን ተከትሎ ወደ 4,000 ሜትር ሲቃረብ ሸለቆው ድንገት ይገለጣል፤ ጭጋግ ካልቀደማችሁ በስተቀር በራስጌው ባቲያንና ኔሊዮን ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ከጣቢያው እስከ ማኪንደር ካምፕ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይወስዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድምዎ ፈጣን ተራማጅ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት የሁለታችሁን ርምጃ የሚወስነው ዝግተኛው እንደሆነ ተስማሙ። ይህ ስምምነት ካምፕ ከደረሱ በኋላ ሲደረግ ጠብ ይሆናል።

ነርስ በመንገድ — ኅዳር 10

እርስዎ በመጨረሻ የጻፉት ዓረፍተ ነገር ስለ አሳሰበኝ ነው የምመልሰው። በ2,300 ሜትር መኖር ምንም አይጠቅምም አልልም፤ በ3,050 ሜትር የምታድሩትን የመጀመሪያ ሌሊት ያቀልላችኋል። ከዚያ በኋላ ግን የመኝታ ከፍታችሁ በአንድ ቀን 1,150 ሜትር ይዘላል። የከፍታ ሕክምና ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር አብልጦ አለመጨመርን፣ በየሦስትና በየአራት ቀኑም ከፍታ ሳይጨምሩ አንድ ሌሊት መድገምን ይመክራሉ። የእናንተ ዕቅድ ከዚህ ልክ ከእጥፍ በላይ ነው። በማኪንደር ካምፕ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 60 በመቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ጤነኝነትና ጉልበት ከከፍታ ሕመም አይከላከሉም። እንዲያውም ብርቱ ወጣት ፈጥኖ ስለሚወጣና ድካሙን መግለጽ ስለሚያፍር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው እርሱ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከመዛል ወይም ከማዞር ጋር ሲመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ቁጠሩት፤ በዚያ ሁኔታ ያለ ሰው እስኪሻለው ድረስ አንድ ሜትር እንኳ መጨመር የለበትም። ዕረፍት ላይ ሆኖ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳሉ ከበረታ ወይም አረፋ ያለበት አክታ ከመጣ ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው። እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያገናኘ በቀጥታ መስመር መሄድ ካቃተው ወይም ንግግሩ ከተዛባ ደግሞ ችግሩ አንጎሉ ጋ ደርሷል። ለእነዚህ ለሁለቱ ንጋትን መጠበቅ የለም፤ በሌሊትም ቢሆን ይወረዳል። አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ሰውነት ከከፍታው ጋር እንዲላመድ ያግዛል፤ ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ግን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ እንዳይወስዱት።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አንዱን ተጨማሪ ሌሊት በ3,050 ሜትር፣ ሌላውን በ4,200 ሜትር እንድታደርጉት እመክራለሁ። በጣቢያው በምታርፉበት ቀን ቀለል ባለ ሸክም እስከ ረግረጉ አፋፍ ወጥታችሁ ለመኝታ ተመልሳችሁ ውረዱ።

ጉም — ኅዳር 10

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ ሆኖም ዓላማው ግግር በረዶ የጠረበውን ሸለቆ ማየት ከሆነ የናሮ ሞሩ መንገድ ለምን እንደተመረጠ አልገባኝም። ይህ መንገድ የተወደደው አጭር ስለሆነ ነው። በምሥራቅ በኩል በቾጎሪያ መንገድ ያለው የገደላማው ሸለቆ ከተሌኪ የጠለቀ ነው፤ የማይክልሰን ሐይቅ ቀጥ ባለ ገደል ሥር ተኝቶ ከላይ ሲታይ ሰውን ዝም ያሰኛል። በሰሜን ምዕራብ ያለው የሲሪሞን መንገድም ደረቅና ለዘብ ያለ ነው። በሲሪሞን ወጥቶ በቾጎሪያ የወረደ ሰው ያን ጭቃ ሳይረግጥ ሁለት የበረዶ ሸለቆዎች ያያል።

ስለ በረዶው ደግሞ ብዙ እንዳይጠብቁ። ነጭ ባሕር የሚመስል ነገር በልብዎ ከሣሉ የሚያገኙት በአቧራና በጠጠር የተሸፈነ ግራጫ ቁራጭ ነው። እኔ ራሴ አጠገቡ ደርሼ መሪውን «ግግሩ የት ነው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

የሸንተረር ሰው — ኅዳር 10

ጉም ስለ ቾጎሪያ የተናገረው እውነት ነው፤ በውበት ከተወዳደሩ እኔም ለቾጎሪያ እፈርዳለሁ። ይሁንና በዚያ መንገድ ሸለቆው የሚታየው ሌናናን ከወጡ በኋላ በረጅሙ ቁልቁለት ላይ፣ ሰውነት «አሁንስ በቃኝ» በሚልበት ሰዓት ነው። በአንድ በር ገብቶ በሌላ መውጣትም የራሱ የመኪና ጣጣ አለው። የተሌኪ ብልጫ ሌላ ነው። በራስጌው የሉዊስና የቲንዳል ግግሮች ቅሪት ስላለ ሠሪውንና ሥራውን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ማየት ይቻላል። ቁራጩ ግራጫ መሆኑም የነገሩ አካል ነው።

አለት አንባቢ — ኅዳር 11

የመንገዱን ነገር ለሚያውቁት ትቼ እኅታችን በመጨረሻ ያነሡትን ጥያቄ ልመልስ፤ ማንም አልነካላቸውምና።

የኬንያ ተራራ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲነድ ከዛሬው እጅግ ከፍ ያለ እንደነበር ይታመናል። ዛሬ ባቲያን (5,199 ሜትር) እና ኔሊዮን (5,188 ሜትር) ሆነው የቆሙት ጫፎች በእሳተ ገሞራው ጉሮሮ ውስጥ ቀዝቅዞ የጠነከረው አለት ናቸው። ዙሪያውን የነበረው ልል ድንጋይ ተጠርጎ ሲሄድ ጠንካራው ቀረ። ከጠራጊዎቹ ዋነኛው ግግር በረዶ ነበር።

ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ ግርጌው እንደ ማረሻ ትልም የሾለ ነው፤ ውኃው የሚቆርጠው ራሱ የሚፈስበትን ቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ። ግግር በረዶ ግን ሸለቆውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ስለሚንቀሳቀስ ወለሉንም ግድግዳውንም አንድ ላይ ይፍቃል፤ የሚተወው ቅርጽ እንደ ሀ ፊደል ጎኖቹ የቆሙ፣ ግርጌው የሰፋ ነው። ከረግረጉ በላይ ሸለቆው በሚገለጥበት ቦታ ቆመው ተሻግረው ቢመለከቱ ይህን ያለ አስተማሪ ያዩታል። በሸለቆው መካከል የሚንፎለፎለው የናሮ ሞሩ ጅረት ያን ሁሉ ስፋት ሊቆርጥ እንደማይችል ልብ ይበሉ፤ ትልቅ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ትንሽ ተከራይ ነው።

ቀጥሎ ሞሬኖቹን ይፈልጉ። ሞሬን ግግር በረዶ እየገፋና እየተሸከመ አምጥቶ በጎኑና በአፍንጫው የከመረው የድንጋይና የአፈር ክምር ነው። በበረዶው ዘመን የዚህ ተራራ ግግሮች እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ወርደው ስለነበር የታችኛዎቹ ክምሮች ዛሬ ሣርና ቁጥቋጦ ለብሰው ኮረብታ መስለዋል፤ ብዙ ሰው ሳያውቃቸው ይረግጣቸዋል። ከማኪንደር ካምፕ በላይ ያሉት ግን ጥሬዎች ናቸው፤ ድንጋዩ ስለታም ነው፣ አፈሩ አልረጋም፣ ተክል ገና አልደፈራቸውም። ከታች ወደ ላይ ሲሄዱ ዕፅዋቱ እየሳሳ መሄዱን ከተከታተሉ በረዶው ከየትኛው ቦታ ቀድሞ፣ ከየትኛው ዘግይቶ እንደለቀቀ በዓይንዎ ያነብቡታል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያልረጋ ሞሬን ጫፍ ላይ መቆም ከሥር እንዲናድ መጋበዝ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ለስላሳ የሆነ የአለት ፊት ሲያገኙ እጅዎን ያሳርፉበት። በግግሩ ሆድ የተሰነቀሩ ድንጋዮች ሲጎተቱ የጫሩት ትይዩ መስመር በጣት ይታወቃል፤ አቅጣጫውም ግግሩ የሄደበት አቅጣጫ ነው። ካገኙ ወዴት እንደሚያመለክት ጽፈው ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ስለ ግራጫው ቁራጭ አንድ ቃል ልበል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተራራው ላይ 18 ግግሮች ተቆጥረው ነበር፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። የሉዊስ ግግር በሐሩር ክልል ካሉት ሁሉ ለረጅም ጊዜ በጥንቃቄ ከተለኩት አንዱ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከይዘቱ ወደ 90 በመቶ የሚሆነውን አጥቷል። መንስኤው የአየሩ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ የሚወርደው በረዶ ማነሱና ፀሐይን የሚከልለው ደመና መሳሳቱም አብረው ሠርተዋል። ስለዚህ ጉም አጠገቡ ደርሶ «የት ነው?» ማለቱ ቀልድ ቢመስልም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

የድሮ ነገር — ኅዳር 11

ስለ ሸለቆው ስም አጭር ማስታወሻ። ሳሙኤል ተሌኪ የሃንጋሪ መኳንንት ወገን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1887 በዚህ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከወጣ በኋላ ወደ ሰሜን ተጉዞ በቀጣዩ ዓመት ቱርካና ሐይቅ፣ ከዚያም ጨው ባሕር ደርሷል። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1849 የተራራውን በረዶ ከሩቅ አይቶ ለአውሮፓ የጻፈው ሚስዮናዊው ክራፕፍ ደግሞ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ሰው ነው። በምድር ወገብ ላይ በረዶ አለ ማለቱ በጊዜው የጂኦግራፊ ሊቃውንትን አላሳመነም። ግርጌው ላይ የሚኖሩት ኪኩዩዎች ተራራውን ኪሪኛጋ ብለው ሲጠሩትና በረዶውን በየማለዳው ሲያዩት ኖረዋል፤ ያላመነው የሩቁ ሰው ነበር።

ዛፍ ቆጣሪ — ኅዳር 12

አለት አንባቢ ዕፅዋቱን እንደ ሰዓት መቁጠሪያ ስለተጠቀሙባቸው ባለቤቶቹ ይመስገኑ ብዬ ገባሁ። በሜትሮሎጂ ጣቢያው አካባቢ ሽበት የመሰለ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለባቸውን ኮሶዎች ታያላችሁ፤ ከዚያ በላይ አስታው ይቀጥላል፤ ከረግረጉ ጀምሮ ጅባራ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ የእኛን ከፍተኛ ቦታዎች የሚያውቅ ሰው ባዕድነት አይሰማውም። ሸለቆው ውስጥ ግን በእኛ ተራሮች የሌለ ነገር አለ፤ ግዙፉ ሴኔሲዮ። ግንዱ ወፍራም፣ ራሱ ላይ ጎመን የተተከለበት የሚመስል ዛፍ ነው።

በዚህ ከፍታ በየቀኑ በጋ፣ በየሌሊቱ ክረምት ስለሚፈራረቅ ሁለቱም መላ አበጅተዋል። ሴኔሲዮው የደረቁ ቅጠሎቹን ሳይጥል ግንዱን እንደ ጋቢ ይጠቀልልበታል፤ ማታ ሲሆን ደግሞ የላይኞቹን ቅጠሎች አጥፎ ቡቃያውን ይሸፍናል። አንደኛው የጅባራ ዝርያ በቅጠሎቹ መካከል ውኃ ያቁራል፤ ሌሊት የውኃው ገጽ ብቻ ይጋገርና ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ቡቃያውን ከውርጭ ያድነዋል። ማለዳ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ስስ የበረዶ ክዳኑን ታገኙታላችሁ። ሌላው ዝርያ፣ የተሌኪን ስም የያዘው፣ ረጅም ፀጉር የለበሰ ነው። አደራ የምለው፣ ደረቅ ቅጠል ስለሆነ ምንም አይደለም ብላችሁ ከሴኔሲዮው ግንድ ላይ እንዳትነቅሉ ነው፤ የተራቆተ ግንድ ይሞታል።

በካምፑ የሚመላለሱት ሽኮኮዎች ሰው ለምደው ምግብ ይለምናሉ። እንዳትሰጧቸው።

ሁለተኛ ጉዞ — ኅዳር 12

ነርስ በመንገድ የጻፉትን ሳነብ አፍሬ ዝም ልል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልክ እኅታችን በዘረዘሩት የአራት ቀን ዕቅድ ሄጄ ማኪንደር ካምፕ ስደርስ ራሴ ይፈነዳ ነበር። ገንዘቡን ከፍያለሁ፣ ጓደኞቼም በእኔ ምክንያት ሊቀሩ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እራት ሳልበላ «ጠግቤያለሁ» ብዬ ተኛሁ። ሌሊት ስንነሣ መሪው ፊቴን በባትሪ አይቶ «ደህና ነህ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» አልሁት። ከ4,500 ሜትር በላይ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መነሣት አቃተኝ፤ ከትንፋሼ ጋርም የሚንኮራኮር ድምፅ ይሰማኝ ጀመር።

መሪው ሌሎቹን ከረዳቱ ጋር ትቶ እኔን ደግፎ አወረደኝ። ማኪንደር ካምፕ ላይ አልቆምንም፤ ረግረጉን ነግቶ በተሻገርንበት ሰዓት መተንፈስ ቀለለኝ። በኋላ የመረመረኝ ሐኪም ሳንባዬ ውኃ ቋጥሮ እንደነበረ ነገረኝ። ያን ቀን ያተረፈኝ የመሪው ውሳኔ ነው፤ ወደ አደጋው የከተተኝ ደግሞ «ደህና ነኝ» የሚለው የገዛ አፌ ነው። ስለዚህ እኅቴ፣ ወንድምዎን ጧትና ማታ «ራስህን አመመህ?» ብለው ሲጠይቁት መልሱን ብቻ ሳይሆን ሳህኑንም ይመልከቱ።

ዝግታ — ኅዳር 14

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሁለተኛ ጉዞን ጽሑፍ ለወንድሜ አንብቤለት ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ስድስት ቀን ይሁን ብሏል። በጣቢያው ሁለት ሌሊት፣ በማኪንደር ካምፕ ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ በአምስተኛው ቀን ወጥተን እስከ ጣቢያው እንወርዳለን። በካምፑ የምናርፍበትን ሙሉ ቀን ለሸለቆው ራስጌ አድርጌዋለሁ። ቾጎሪያን ለሌላ ዓመት አቆይቼዋለሁ፤ ጉም እንዳይቀየሙኝ። የመጨረሻ ጥያቄዬ፣ የሌሊቱ ጉዞ በእርግጥ አስፈላጊ ነው ወይስ የፀሐይ መውጫን ፎቶግራፍ ለማንሣት ተብሎ የመጣ ልማድ ነው?

የሸንተረር ሰው — ኅዳር 14

ሁለቱም ነው፤ ነገር ግን ፎቶግራፉ ባይኖርም እኔ በሌሊት እነሣለሁ። ከሸለቆው ራስጌ ወደ ኦስትሪያ ጎጆ (4,790 ሜትር) የሚወስደው ዳገት ልቅ ጠጠር ነው። ሌሊት ውርጩ አያይዞ ስለሚይዘው እግር ይቆነጥጣል፤ ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ አንድ ወጥተው ግማሽ ይንሸራተታሉ። ከዚህም ሌላ በአብዛኛው ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ደመናው ከታች እየተነሣ ጫፎቹን ይሸፍናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሣ ሰው በዝግታ ሄዶ ንጋት ላይ ሌናና አካባቢ ይደርሳል፤ በምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙ አትርቅም።

በነገራችን ላይ ሰዓት ስትነጋገሩ አትጨነቁ። መሪዎቹ በስዋሂሊ «ሳ ናኔ» ሲሉ ስምንት ሰዓት ማለታቸው ነው፤ እነርሱም እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። የሚሳሳተው በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ ነው፤ እዚያ ላይ ደግማችሁ አረጋግጡ።

የግንባር ባትሪ ከትርፍ ድንጋዩ ጋር፣ ወፍራም ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ያዙ። የውኃ መያዣችሁን አፉን ወደ ታች ገልብጣችሁ ክተቱት፤ ውኃ ከላይ ስለሚጋገር ክዳኑ ሳይደፈን ይቆያል።

ጉም — ኅዳር 15

አልተቀየምሁም፤ ቾጎሪያ የትም አይሄድም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። በኬንያ ብሔራዊ ፓርኮች አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2020 ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ የታሸገ የፕላስቲክ ውኃ ይዛችሁ በሩ ላይ እንዳትከራከሩ። የጅረቱን ውኃም አፍልታችሁ ወይም አጣርታችሁ ጠጡ። በ4,200 ሜትር ውኃ የሚፈላው በ86 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ተሐዋስያኑን ለመግደል ይበቃል፣ ባቄላ ለማብሰል ግን አይበቃም፤ ቶሎ የሚበስል ምግብ ምረጡ።

ዝግታ — የካቲት 6

ቃል በገባሁት መሠረት ተመልሼ እጽፋለሁ። ተመልሰን ከገባን አንድ ሳምንት ሆኖናል፤ የጥፍሮቼ ሥር ጥቁር ጭቃ ገና አልለቀቀም።

በጣቢያው ያደርንበት ሁለተኛ ሌሊት መጀመሪያ የባከነ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረግረጉን ስንወጣ ግን ከኋላችን የተነሣ የአራት ቀን ቡድን በፍጥነት ሲያልፈን አይተን፣ ማታ ካምፕ ስንደርስ ከመካከላቸው ሁለቱ ሳይበሉ ተኝተው አገኘናቸው። ወንድሜም በዚያ ሌሊት ራሱን አመመው፤ ሳልጠይቀው ነገረኝ። በማግስቱ የታቀደው የሸለቆው ቀን ስለነበረ ማንም አልተቻኮለም። እስከ ረፋድ ተኝቶ፣ ሾርባ ጠጥቶ፣ ከቀትር በኋላ ሕመሙ ለቀቀው።

እኔ ያን ቀን ከረዳት መሪው ጋር ወደ ሸለቆው ራስጌ ሄድሁ። ማለዳ ከካምፑ አጠገብ ጅባራው ውስጥ የበረዶ ክዳኑን አየሁት፤ በጣቴ ስነካው እንደ ስስ መስታወት ተሰነጠቀ፣ ወዲያውም ጸጸተኝ። ከዚያ ወደ ላይ ስንወጣ አለት አንባቢ እንዳሉት ሴኔሲዮዎቹ እያጠሩና እየራቁ ሄዱ፤ ቀጥሎ በድንጋይ ጥግ የተሸጎጠ ሣር ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ እሱም ጠፋ። መሪው እጁን ዘርግቶ «ልጅ ሳለሁ በረዶው እዚህ ነበር» ባለኝ ቦታ ላይ የቆምንበት ጠጠር ባዶ ነበር። የሉዊስን ቅሪት ከሞሬኑ ማዶ አየሁት። ግራጫ ነው፤ ከሥሩ የሚወጣው የውኃ ድምፅ ግን ከቁመቱ ይበልጣል። ሰውዬው ዕድሜው ከአርባ የሚያልፍ አይመስለኝም።

የጭረቱን ነገር አልረሳሁም። ከካምፑ በላይ፣ ከጅረቱ በስተቀኝ ወደ ላይ ስንወጣ አንድ የተላገ የሚመስል ጥቁር አለት አገኘሁ። በዓይን ብዙም አይለይም፤ ጓንቴን አውልቄ እጄን ሳሳርፍበት ግን መስመሮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰሙኝ። በኮምፓስ ስለካው ወደ ምዕራብ ትንሽ ደቡብ ብሎ፣ ማለትም ሸለቆው በሚወርድበት አቅጣጫ ያመለክታል።

በአምስተኛው ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሣን። ኦስትሪያ ጎጆ ስደርስ የግራ እጄ ጣቶች መታዘዝ አቆሙ፤ ጓንቴ ቀጭን ነበር፤ የተነገረኝን ባለመስማቴ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወንድሜ ከዋናው መሪ ጋር ሌናና ደርሶ ሲመለስ ጎጆው ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ጠበቅሁት። እሱ ስለ ጫፉ፣ እኔ ስለ አለቱ ስናወራ እስከ ጣቢያው ወረድን።

አለት አንባቢ — የካቲት 6

ስለ ጭረቱ በጣም አመሰግናለሁ። አቅጣጫው ከሸለቆው ዘንግ ጋር መግጠሙ ግግሩ በዚያ ቦታ ሸለቆውን ሞልቶ ይሄድ እንደነበር ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ጭረቶቹ በአለቱ የላይኛው ፊት ብቻ ነበሩ ወይስ በጎኑም?

አዲስ ገባ — የካቲት 7

እኔም በመጪው ሳምንት እሄዳለሁ። ረግረጉ በዚህ ደረቅ ወቅት ይደርቃል የሚሉኝ አሉ፤ ገምባሌውን ልተወው?

ዝግታ — የካቲት 7

አይተዉት። ለአሥር ቀን ያህል ዝናብ አልዘነበም ተብለን ሄደን ሁለት ቦታ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጥሜያለሁ። ይልቅስ የእኔን ገምባሌ ልስጥዎት እችላለሁ፤ ታጥቧል፣ ቀለሙ ግን አልተመለሰም። ጓንቱን አልሰጥዎትም፤ ወፍራም ይግዙ።

አለት አንባቢ፣ በጎኑም ነበር። ከታችኛው ጎኑ በኩል ግን ሸካራና የተገመሰ ነው፤ እዚያ ላይ ምንም ጭረት አላገኘሁም።

አለት አንባቢ — የካቲት 7

እንዲያ ከሆነ ግግሩ ከላይ ሲወጣበት ፍቆታል፣ ወደ ታች ሲለቅ ደግሞ ቦጭቆ ወስዶለታል። አዲስ ገባ፣ ሲደርሱ ያንን አለት ከሁለቱም በኩል ፎቶግራፍ ያንሡልኝ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ምርኩዝዎን አጠገቡ ያቁሙ።